የመንዙማና የመሰንቆ ክዋኔን በስፍራው መቅዳት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ የመስክ ሥራ የቀረበ የአቀዳድ ሥርዐት

ከዐራቱ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ዐበይት ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በወሎ ቦታዎች ስም ይጠራሉ። በአማርኛና በዐረብኛ የሚዜመው መንዙማም በአካባቢው ሙስሊሞች ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ የኖረ የቃል ሀብት ነው። ይህን ሀብት በሚከወንበት ስፍራ የሚቀዳ ተመራማሪ በቅድሚያ ሊወስነው የሚገባው ጉዳይ የማን ድምፅ ከምን ያህል ርቀት እንደሚወሰድ ነው።

በመንዙማ መሪው ያወጣል፤ ጉባኤው ይቀበላል፤ ድቤና ጭብጨባ ምቱን ይይዛሉ። ማይክሮፎኑ ከመሪው አፍ አጠገብ ብቻ ከተተከለ ተቀባዩ ይደበዝዛል፤ በማኅደር የሚቀመጠውም በስፍራው ያልተከወነ የአንድ ሰው ዜማ ይሆናል። ከድቤው አጠገብ ሲተከል ደግሞ ምቱ ግጥሙን ይውጠዋል። ስለዚህ ሁለት ካርዲዮይድ ማይክሮፎኖችን በ17 ሳንቲ ሜትር ርቀትና በ110 ዲግሪ ማዕዘን አጣምሮ፣ ከመሪው ፊት ለፊት፣ ከተቀማጮቹ ራስ ከፍ አድርጎ መትከል ተመራጭ ነው። በፈረንሳይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የዳበረው ይህ አተካከል የግራና የቀኙን ተቀባይ ለይቶ ያሰማል። ሦስተኛ ማይክሮፎን ቢገኝ ለመሪው ግጥም በተለየ ትራክ ይመደባል። ድምፅ ማጉያ በሚሠራበት ጉባኤ ከሚክሰሩ የሚወሰደው ድምፅ ተቀባዩን ስለማይዝ ብቻውን አይበቃም።

መሰንቆ ባለ አንድ አውታር፣ ድምፁም ለስላሳ ነው። አዝማሪው እየመታ ስለሚዘፍን ማይክሮፎኑን በአፉና በመሰንቆው ሳጥን መካከል አነጣጥሮ፣ አንድ ሜትር ያህል አርቆ መትከል ሁለቱን ያመዛዝናል። ከዚህ በጣም ከቀረበ የደጋኑ ፍትጊያ ያይላል።

ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ማኅደራት ማኅበር ቢያንስ 48 ኪሎ ኸርዝና 24 ቢት ይመክራል። በዚህ ልክ የአንድ ሰዓት ስቴሪዮ ቅጂ 1 ጊጋ ባይት ያህል ይይዛል። ድቤው በበረታ ጊዜ መለኪያው ከ−12 ዴሲቤል እንዳያልፍ አስቀድሞ ይስተካከላል። የመቅረጫው ራስ ገዝ የድምፅ ማስተካከያ መዘጋት አለበት፤ ድቤ በተመታ ቁጥር የመሪውን ድምፅ ዝቅ ስለሚያደርግ፣ ቀስ በቀስ የሚግለውን የመንዙማ አካሄድ ያስተካክለውና ጠፍጣፋ ያደርገዋል።

ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ የምትገኝ ሞቃታማ ከተማ ናት። ከደሴ ብርድ የወረደ መሣሪያ ወዲያው ቢከፈት እርጥበት ሊያዝልበት ይችላል፤ ሙቀቱ እስኪመጣጠን በሣጥኑ ተዘግቶ መቆየት ይኖርበታል። በባትሪ መቅዳትም መብራት ቢጠፋ ሥራው እንዳይቋረጥ ከማድረጉ በላይ የ50 ኸርዝ የመስመር እምታ እንዳይገባ ይረዳል።

ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞች መብት ጥበቃ ይሰጣል። ስለሆነም የመሪው፣ የአዝማሪውና የጉባኤው ባለቤቶች ፈቃድ ከክዋኔው በፊት ተጠይቆ፣ ለጥናት ብቻ ወይስ ለሕዝብ ጭምር እንደሆነ ተለይቶ በቅጂው መግቢያ በድምፅ ይመዘገባል። የቅጂው ግልባጭም ለባለቤቶቹ ይሰጣል፤ ተቀባዩ የራሱን ድምፅ ሰምቶ ሊያርመው የሚችለው ግልባጩ በእጁ ሲገኝ ነውና።