ብሩህ ፊትና መልካም ጨዋታ



በጅጅጋ ገበያ የግመል ወተት የሚሸጡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ወተት በሶማሊኛ «ዓኖ» ይባላል። የመጀመሪያው ድምፅ ከጉሮሮ የሚወጣው ዓይኑ «ዓ» ነው እንጂ እኛ በአማርኛ የምንናገረው አልፋው «አ» አይደለም። በአልፋው «አኖ» ያለ ሰው ወተት አልጠራም፤ «አኖ» በሶማሊኛ የደም በቀል ማለት ነውና። እኔም ወደ ከተማይቱ በመጣሁ ሰሞን ዕቃዬን ዘርግቼ፣ በትሕትናም ጎንበስ ብዬ፣ አንድ ሊትር የደም በቀል ይቀዳልኝ ዘንድ ለመንሁ። ወተት ሻጯ እናት ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ሳቀች። ከዚያም ጉሮሮዋን በጣቷ እያመለከተች ቃሉን ሦስት ጊዜ ደገመችልኝ፤ ሦስት ጊዜም አስባለችኝ። በመጨረሻም ከልኩ ጥቂት አትርፋ ቀዳችልኝ።

በዚያ ሳቅ አላፈርሁም። እንዲያውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእርሷ በቀር ከሌላ ሰው ወተት ገዝቼ አላውቅም። ነገር ግን የማያሳፍርና የሚያቀራርብ ሳቅ እንዳለ ሁሉ የሚያቆስልም ሳቅ አለ። ሁለቱን የሚለያቸው ምንድን ነው? የዚህ ዕትም ትምህርታችን ስለዚህ ነው።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ (1225–1274 እ.ኤ.አ.) በታላቁ የነገረ መለኮት መጽሐፉ በሁለተኛው ክፍል ሁለተኛ ንኡስ ክፍል ይህን ጉዳይ በሁለት ስፍራ ይመለከተዋል። አንደኛው ጥያቄ 114 ነው። በዚያ ስለ ተግባቢነት ሲያስተምር ይህን ምግባር የሚያስቀምጠው ከፍትሕ ጋር ነው። አስተውሉ፤ ከርኅራኄ ወይም ከደግነት ጋር ሳይሆን ከፍትሕ ጋር ነው። ፍትሕ ማለት ለእያንዳንዱ የሚገባውን መስጠት ነውና ብሩህ ፊት ለባልንጀራችን የምንከፍለው ዕዳ ነው ማለት ነው። ሰው ያለ እውነት በማኅበር መኖር እንደማይችል ሁሉ ያለ ደስታም ሊኖር አይችልም ይላል ቶማስ። ስለዚህ ሲነጋ ለጎረቤቱ ፊቱን የሚያጠቁር ሰው «ጠባዬ ነው» ብሎ ሊያመካኝ አይገባውም። የተበደረውን ያልመለሰ ሰው «ጠባዬ ነው» ቢለን እንቀበለዋለንን?

ሁለተኛው ስፍራ ጥያቄ 168 ነው፤ የሚናገረውም ስለ ጨዋታ ነው። በዚያ ቶማስ ከጥንታዊው መነኩሴ ከዮሐንስ ካሲያን ያገኘውን ታሪክ ያነሣል። ወንጌላዊው ዮሐንስ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ሲጫወት ያዩት ሰዎች ቅር ተሰኙ። እርሱም ከመካከላቸው ቀስት የያዘውን አንዱን ጠርቶ ፍላጻ እንዲወረውር አዘዘው፤ ደጋግሞም ከወረወረ በኋላ ያለማቋረጥ ይህን ማድረግ ይችል እንደ ሆነ ጠየቀው። ሰውዬው ቀስቱ ይሰበራል ሲል መለሰ፤ ዮሐንስም የሰው አእምሮም እንዲሁ እንደ ሆነ ነገራቸው። በዚሁ ጥያቄ አራተኛ አንቀጽ ቶማስ ከዚህ አልፎ፣ ራሱ የማይጫወት የሌላውንም ጨዋታ የሚያደፈርስ ሰው ለባልንጀሮቹ ሸክም ስለሚሆን ይበድላል ይላል። በየቁምስናችን ምእመን እንዳይስቅ በመከልከል የጸና መንፈሳዊነት ያስተማሩ የሚመስላቸው ጥቂቶች (ካህናትንም ጨምሮ) ይህን አንቀጽ ቢያነቡት መልካም ነው።

እዚህ ላይ በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የበረቱ ካቴኪስቶች ወደ ኤፌሶን መልእክት 5፥4 ይጠቁሙን ይሆናል። ሐዋርያው ጳውሎስ በዚያ ለክርስቲያን ከማይገቡ ነገሮች መካከል ዋዛን ይቈጥራል። በግሪኩ የተጠቀመበት ቃል «ኤውትራፔሊያ» ሲሆን፣ አርስጣጣሊስ በሥነ ምግባር መጽሐፉ በአራተኛው ክፍል መልካሙን ጨዋታ የጠራበት ያው ቃል ነው። አንድ ቃል ለፈላስፋው ምግባር፣ ለሐዋርያው ነውር ሆነ። ቃሉ በጥሬ ትርጉሙ «በቀላሉ መዞር» ማለት ነው፤ ምላሱ በቀላሉ የሚዞርለት ሰው ደግሞ ወደ ቀናውም ወደ ጸያፉም ሊያዞረው ይችላል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ይህን ስፍራ ሲተረጕም ቀልድን አጥብቆ ነቅፏል። ቶማስ ግን ቃሉን በበጎ ትርጉሙ ተቀብሎ፣ ጸያፉንና ባልንጀራን የሚጎዳውን ለይቶ አውጥቷል። እኔ ከቶማስ ጋር ነኝ፤ የአፈ ወርቅም ፍርሃት ግን ከንቱ አይደለም።

የሀገራችን ሰው ይህን የምላስ መዞር አሳምሮ ያውቀዋል። የ19ኛው መቶ ዘመን ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና ዛሬ የሚታወሱት በቀልዳቸው ነው፤ በዝማሬና በአቋቋም የላቁ መምህር መሆናቸውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በስማቸው የሚነገረው ሁሉ የእርሳቸው ባይሆንም፣ አብዛኛው የሚቆመው አንዱን ድምፅ ወደ ሁለት ትርጉም በማዞር ላይ ነው። የግእዝ ሊቃውንትም በዓይኑ ሲጻፍ «ዓመት» የዘመን ልክ፣ በአልፋው ሲጻፍ «አመት» ሴት አገልጋይ መሆኑን ለተማሪ ያስጠነቅቃሉ። የእኛ ጆሮ ሁለቱን አይለይም፤ ፊደሉን ይዘን ድምፁን ጥለነዋልና። የጅጅጋ ወተት ሻጭ ግን ድምፁን ጠብቃዋለች። ስለዚህ በእኔ «አ» ስትስቅ አባቶቼ በጻፉት ፊደል ላይ እያረመችኝ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ቅጽል ስም እንምጣ፤ በካራማራ ግርጌ ያለ ቅጽል ስም የሚኖር ሰው ጥቂት ነውና። ሶማሌዎች ቅጽል ስምን «ናናይስ» ይሉታል፤ ብዙ ጊዜ ከሰውነት መልክ ይወጣል። ረጅሙ «ዴሬ» ይባላል፤ ገጣሚው ዐብዲላሂ ሱልጣን ለዘወትር የሚታወቀው «ቲመዓዴ» ማለትም «ነጭ ጠጉር» በሚለው ስሙ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የተዋጋው ኢማም አሕመድ በአማርኛ «ግራኝ»፣ በሶማሊኛ «ጉረይ» ይባላል፤ ሁለቱም በግራ እጁ የሚሠራ ማለት ነው። ሁለቱ ሕዝቦች በጦር ሜዳ ተቃራኒ ቆመው ለአንድ ሰው አንድ ዓይነት ቅጽል ስም አወጡ! ለመሐሉ አገር ሰው «አንካሳው» ወይም «ራሰ በራው» ብሎ መጥራት ስድብ ይመስለዋል። በዚህ ምድር ግን ባለቤቱ ስሙን ተቀብሎ ራሱም ሲጠራበት ይሰማል። ይህ የአገሩ ልማድ ነው፤ እንግዳ በችኮላ ሊፈርድበት አይገባም፤ በችኮላም ሊቀዳው አይገባም። የቅርብ ወዳጅ የሚጠራበትን ስም ትናንት የመጣ ሰው ቢጠራበት ያው ቃል ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል።

ይህን የምለው በራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። በአንድ ቁምስና ሳገለግል ከሶማሊ ልጆች ጋር ያደገ፣ አፉን በሶማሊኛ የፈታ አንድ ወጣት ነበረ። በሶማሊኛ «ጰ» የሚባል ድምፅ የለም፤ «ጠ»ም የለም። ወጣቱ የሐዋርያት ሥራን ሲያነብ «ጴጥሮስ» ማለት አቅቶት «ቤትሮስ» አለ። ከቅዳሴ በኋላ በሰው ፊት እኔው ራሴ ድምፁን አስመስዬ ቀለድሁበት። ሁሉም ሳቁ፤ እርሱም ሳቀ። ከዚያ እሑድ በኋላ ግን ወደ ማንበቢያው አልወጣም። ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ለመጠየቅ አራት ወር ፈጀብኝ፤ ኃጢአቴን ሳይሆን ቀልዴን ብቻ አስቤው ነበርና። ቶማስ በጥያቄ 75 ስለ ፌዝ ሲጽፍ የፌዘኛ ሐሳቡ ሌላውን ማሳፈር ነው ይላል። እኔ ማሳፈር አላሰብሁም ነበር። ወተት ሻጯ በእኔ ከሳቀች በኋላ ግን ቃሉን አስተምራኛለች፤ እኔ ወጣቱን ምን አስተማርሁት?

በተቃራኒው ናትናኤልን እንመልከት። ፊልጶስ ስለ ኢየሱስ ሲነግረው ከናዝሬት መልካም ነገር ይወጣ እንደ ሆነ በመጠራጠር ጠየቀ (ዮሐ. 1፥46)። ናትናኤል የቃና ሰው ነበር (ዮሐ. 21፥2)፤ ቃናና ናዝሬት በገሊላ የሚገኙ ጎረቤታሞች ናቸው። እንግዲህ ይህ በየአገሩ የምንሰማው የጎረቤት ከተማ ቀልድ ዓይነት ይመስለኛል። ጌታችን ስለ መንደሩ አልተከራከረም፤ አልተቆጣምም። ናትናኤልን ሲያይ ተንኰል የሌለበት ሰው ብሎ አመሰገነው። በሰፈራቸው ስም ሲቀለድባቸው ቶሎ ለሚቆጡ ወጣቶቻችን ከዚህ የተሻለ ንባብ አላውቅም።

ይሁን እንጂ ሳቅ የማይነካቸው ነገሮች አሉ። ካራማራ የሚለው ስም ለብዙ አማርኛ ተናጋሪ የየካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ድል ነው፤ በተራራው ሁለት ወገን ግን ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች ነበሩ። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅጅጋና በሌሎች የክልሉ ከተሞች በተነሣው ሁከት ሰዎች ተገድለዋል፣ ሱቆች ተዘርፈዋል፣ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ ካህናትም ሞተዋል። ከዚህ በኋላ ላዘነ ሰው «ተወው፣ እንጫወት» ማለት ተግባቢነት አይደለም፤ ጳውሎስ ከሚያለቅሱ ጋር ማልቀስን ከደስተኞች ጋር ከመደሰት ጋር በአንድ ቁጥር አስቀምጦታልና (ሮሜ 12፥15)። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዕዳችን ሰላምታ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሶማሌው ሲገናኝ «ናበድ ሚያ?» ይላል፤ ሰላም ነው ወይ? ማለት ነው። እኛም «ሰላም ነው?» እንላለን። በሌላው ጊዜ መልሱን ሳንሰማ የምናልፈውን ይህን ጥያቄ ቆመን፣ ዓይን ለዓይን ተያይተን፣ መልሱን ጠብቀን መጠየቅ ይቻላል። ጨዋታው በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ቃል ስሕተት ይጀምራል።

ካቴኪስቶች ይህን ትምህርት ለጉባኤ ስታቀርቡ አንድ መልመጃ ላቅርብላችሁ። እያንዳንዱ ተሳታፊ በቤቱ ስለ ሌላ ብሔረሰብ ወይም ስለ ሌላ ሃይማኖት ሰዎች የሚነገር አንድ ቀልድ ያስታውስ፤ ገና ግን አይናገረው። የሚቀለድበት ሰው ደጃፉን ከፍቶ ገብቶ አጠገቡ ተቀምጧል ብሎ ያስብ። ከዚያ በኋላ ሊናገረው የሚችል ይናገር፤ ሌላው ዝም ይበል። ዝም ያሉትን ለምን ዝም አላችሁ ብላችሁ አትጠይቁ።