የጦር ዕቃው የማን ነው?
(የኤፌሶን መልእክት 6፥10-20 ጥናት)

ስለ መንፈሳዊ ተጋድሎ ሲነገር ፈጥኖ ወደ አሳባችን የሚመጣው ቅዱስ ጳውሎስ በኤፌሶን መልእክቱ መጨረሻ የዘረዘረው የጦር ዕቃ ነው። መታጠቂያው፣ ጥሩሩ፣ ጫማው፣ ጋሻው፣ የራስ ቁሩና ሰይፉ በየቁምስናው ለሕፃናት በሥዕል ይቀርባሉ፤ በቃልም ይጠናሉ። ዝርዝሩን ማወቅ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ከዝርዝሩ በፊት በቁጥር 10 ላይ የሚገኘው ግሥ ካልተስተዋለ ትምህርቱ በሙሉ አቅጣጫውን ይስታል። ሐዋርያው እንድንበረታ ሲያዝዝ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል፣ ሰው ከራሱ የሚያወጣውን ብርታት ሳይሆን ከሌላ የሚቀበለውን ብርታት ያመለክታል። አበርቺው ጌታ ነው፤ ክርስቲያኑ ተቀባይ ነው።

የጦር ዕቃው ራሱ ይህንኑ ይመሰክራል። ቅዱስ ጳውሎስ ምሳሌውን የወሰደው ዘወትር በዓይኑ ከሚያያቸው የሮም ወታደሮች ብቻ አይደለም፤ ከነቢዩ ኢሳይያስም ነው። በኢሳይያስ 59፥17 ጽድቅን እንደ ጥሩር የሚለብሰው፣ የማዳንንም ቁር በራሱ ላይ የሚያደርገው ሌላ ማንም ሳይሆን እግዚአብሔር ነው። በ11፥5 ደግሞ ጽድቅን የሚታጠቀው ከእሴይ ግንድ የሚወጣው መሲሕ ነው። ስለዚህ «የእግዚአብሔር ዕቃ ጦር» ማለት እግዚአብሔር የሚሰጠን ብቻ ሳይሆን፣ እርሱ ራሱ የለበሰውና ድል የነሣበት ማለት ነው። ዳዊት የሳኦልን ጥሩር ለብሶ መራመድ እንዳቃተው እናስታውስ (1ሳሙ 17፥38-39)። የሰው ትጥቅ፣ የንጉሥም ቢሆን፣ ለዚህ ውጊያ አልተሰፋም። በጾም ብዛት፣ በዕውቀት ወይም በጽኑ ጠባይ ተማምኖ ወደ ፈተና የሚገባ ሰው የሳኦልን ጥሩር የለበሰ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ልብ የሚባለው ትእዛዙ «ቁሙ» መሆኑ ነው። ከቁጥር 11 እስከ 14 ባሉት ጥቂት መስመሮች ውስጥ ይህ ቃልና ከእርሱ የወጣው «መቃወም» አራት ጊዜ ይመላለሳሉ። ዝመቱ፣ አሳድዱ፣ ማርኩ የሚል የለም። ጠላትን ትጥቁን ያስፈታው ክርስቶስ በመስቀሉ ነውና (ቆላ 2፥15) የእኛ ድርሻ እርሱ በያዘው ስፍራ ጸንቶ መቆም ነው። ጋሻውም ቢሆን በር የሚያህል፣ ቆዳ የለበሰ ነበር፤ ወታደሮች ጎን ለጎን ቆመው ጋሻቸውን ሲያጋጥሙ አንዱ ሌላውን ይሸፍናል። ብቻውን የሚዋጋ ክርስቲያን ጎኑ የተጋለጠ ነው።

ውጊያው ከሥጋና ከደም ጋር አይደለም የሚለውን (ቁ. 12) በርጋታ ማስተማር ይገባል፤ በአገራችን በእጅጉ የሚጣሰው ይህ ነውና። ልጅ ሲታመም ጎረቤት «ቡዳ» ተብላ ትጠረጠራለች፤ ንግድ ሲከስር ምራት ወይም አማት በመተት ትታማለች። ይህን የሚያደርገው ሰው ሰይጣንን የተዋጋ ይመስለዋል፤ እርሱ ግን ወንድማማቾችን መለያየት የተባለውን የሰይጣንን ሥራ እየሠራለት ነው።

በዚህ ረገድ ከብፁዕ ገብረ ሚካኤል የሚበልጥ መምህር አናገኝም። ጎጃም ተወልዶ በመርጡለ ማርያም የመነኰሰው ይህ ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1841 ከቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር ወደ ግብፅና ወደ ሮም ተጓዘ። በ1844 ካቶሊካዊ ሆነ፤ በ1851 ስልሳ ዓመት ገደማ ሆኖት ክህነትን ተቀበለ። በኋላም ታሰረ፤ እምነቱን ቢክድ ነጻ እንደሚወጣ ተነገረው፤ አልካደም። በ1855 በሰንሰለት እንደታሰረ ከሠራዊት ጋር ሲንገላታ ዐረፈ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1926 ብፅዕናውን ዐወጁ። ይህን የምናነሣው ዛሬ በፍቅር አብረናቸው የምንኖረውን ወንድሞቻችንን ለመውቀስ አይደለም። ሽማግሌና አንድ ዓይና መነኵሴ፣ ሰይፍ የሌለው፣ እግሩ በብረት የታሰረ፤ በእርሱ ዘንድ ሊታይ የሚችል የሰው ኃይል አልነበረም። ቆመ ግን።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻ ነገር ሕመም ነው። ቤተ ክርስቲያን ሰይጣን መኖሩን ታስተምራለች፤ ሥልጣን ባለው ካህን የሚደረግ ጸሎተ ማስወጣትም አላት። ነገር ግን በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 1673፣ ይህ ሥርዓት የሚፈጸመው በካህን፣ በጳጳስ ፈቃድ መሆኑን ይገልጻል፤ ሕመም በተለይም የአእምሮ ሕመም ሌላ እንደሆነና ለሕክምና እንደሚተው ይለያል። ስለዚህ የሚጥል በሽታ ወይም ኤች አይ ቪ ያለበትን ሰው «መድኃኒቱን ተው፣ እምነትህ ያድንሃል» የሚል ማንኛውም ሰው፣ ካቴኪስት ቢሆንም፣ በእግዚአብሔር መታመንን ሳይሆን እግዚአብሔርን መፈታተንን ያስተምራል። ጌታችን ራሱን ከመቅደስ ጫፍ እንዲወረውር ሲጠየቅ እምቢ ያለው ይህንኑ ነው (ማቴ 4፥5-7)።

በምድረ በዳው ፈተና ሰይፉ ሲመዘዝ እናያለን። ጌታ ለሦስቱም ፈተናዎች የመለሰው ከአንድ መጽሐፍ፣ ከኦሪት ዘዳግም ነው። ሆኖም ፈታኙም ከመዝሙረ ዳዊት ጠቅሷል። ጥቅስ በቃል መያዝ ብቻውን ሰይፍ አይሆንም ማለት ነው፤ ቃሉ ሰይፍ የሚሆነው ለአብ በመታዘዝ ሲያዝ ነው። ለዚህም ሐዋርያው ዝርዝሩን በጦር መሣሪያ አልዘጋም፤ ወደ ጸሎት ተሻገረ። ጸሎትም ራሱ ተጋድሎ መሆኑን ሁላችን የምናውቀው ነው፤ መቁጸሪያ ይዘን ስናንቀላፋ፣ አሳባችንም ወደ ገበያ ሲሄድ። ያን ጊዜ ማፈር ሳይሆን እንደገና መጀመር ነው።

ለመምህራን አንድ ተግባራዊ አሳብ እናቅርብ። በግእዝ ሥርዓት ተጠማቂው በመጀመሪያ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፤ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ዞሮ እምነቱን ይመሰክራል። ሕፃናት ሆነን ስንጠመቅ ክርስትና አባትና እናት ስለ እኛ ያደረጉት ነው። የትምህርቱ ክፍል ሲያበቃ ተማሪዎቻችሁን አስነሥታችሁ ይህንኑ በየቃላቸው ያድርጉት፤ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ፣ ቀጥሎም ወደ ምሥራቅ። ከዚያ የመልእክቱን ቁጥር 19 እና 20 አንብቡላቸው። ጳውሎስ በሰንሰለት ታስሮ ሳለ ወዳጆቹን ጸልዩልኝ ሲል፣ እንዲፈታ አይደለም የለመነው፤ ወንጌልን በድፍረት የሚናገርበት ቃል እንዲሰጠው ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ለየትኛው ሥራ እንዲህ ያለ ድፍረት እንደሚያስፈልገው በጸጥታ ይጠይቅ፤ ለአጠገቡ ለቆመውም ይጸልይለት።