ምዕራፍ ሰባት፦ አሮጌውን ሳያጠፉ አዲሱን መጫን

«አዲስ ቨርዥን ወጥቷል፤ ልጫነው ወይስ ባለኝ ልቆይ?» ብሎ ያልተጨነቀ የኮምፒውተር ሰው የለም። የኔ መልስ አጭር ነው፤ አዲሱን ይጫኑ፣ አሮጌውን ግን አይንኩት። የተጀመረ ሥራ በተጀመረበት ቨርዥን ይለቅ፤ አዲስ ሥራ በአዲሱ ይጀመር። ሁለቱ በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ሳይጣሉ ይኖራሉ።

ይህን የማጠብቀው በአንድ በማውቀው የመርሳ ልጅ ላይ የደረሰውን ስለማውቅ ነው። ልጁ ለሁለተኛ ዲግሪው ማሟያ ሲሪንቃ አካባቢ በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ የማሽላ ሙከራ ዘርቶ ነበር። 12 ዝርያ በ4 ድግግሞሽ፣ በድምሩ 48 ፕሎት፣ እያንዳንዱ 3 በ5 ሜትር። ከዝርያዎቹ አንዱ በሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የተለቀቀው ምስክር ነው፤ ሌላው ለማወዳደሪያ የገባው የአገሬው ጅጉርቴ። የትኛው ዝርያ የት ፕሎት ላይ እንደሚውል ዕጣውን ያወጣው አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም፣ በ3.5 ቨርዥን ነበር። አር ዕጣ ከማውጣቱ በፊት መነሻ ቁጥር ከተሰጠው፣ ያንኑ ቁጥር በሰጡት ጊዜ ሁሉ ያንኑ ዕጣ ይደግማል። ልጁም ቁጥሩ ኮዱ ውስጥ አለ ብሎ ዝርዝሩን በወረቀት አላሰፈረም።

ክረምቱ ገባ። በየፕሎቱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈውን ታግ ዝናብ አጠበው፤ ከብት የነቀለው ችካልም ነበር። በዚህ መሃል ላፕቶፑ ተበላሽቶ ጥገና ቤት ገባ። ጠጋኙ ፎርማት አድርጎ አዲሱን 3.6 ጫነለት። ልጁ ኮዱን አስነሳ፤ ዝርዝሩ ያለ አንድ ቀይ መስመር፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ወጣ። አተመና በኅዳር ለአጨዳ ማሳ ወረደ።

የማሳው ባለቤት አጠገቡ ቆመው ነበር። ልጁ አንዱን ፕሎት «ምስክር» ብሎ ሲጽፍ አዩና፣ «ልጄ፣ ጅጉርቴን እኔ ሳላውቃት ማን ያውቃታል? ይቺ እኮ እሷ ናት» አሉት። «አባባ፣ ወረቀቱ እንዲህ ነው የሚለው» አለ። «እንግዲያው ወረቀትህ ተሳስቷል» አሉት፤ ማጭዱም ቆመ።

የተሳሳተው ወረቀቱ ነበር። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የወጣው አር 3.6.0 ዕጣ የሚያወጣበትን ስሌት ለውጧል። የቀድሞው ስሌት ከብዙ ቁጥር መካከል ሲመርጥ በጥቂቱ ያዳላ ስለነበር ለውጡ ተገቢ ነው፤ ውጤቱ ግን ያው መነሻ ቁጥር በአዲሱ ቨርዥን ሌላ ዕጣ ያወጣል ማለት ነው። ልጁ 3.5ን ከ3.6 ጎን መልሶ ሲጭን የመጀመሪያው ዝርዝር ተገኘ። ገበሬው ባይናገሩ ኖሮ የአንዱ ዝርያ ምርት በሌላው ስም ተመዝግቦ ለሌላ ገበሬ ምክር ይሆን ነበር። እኔ ይህን እንደ ቀላል ስህተት አላየውም፤ የሰው ጎተራ ጉዳይ ነው።

ወደ አሠራሩ እንግባ። ዊንዶውስ ላይ አር እያንዳንዱን ቨርዥን በየራሱ ፎልደር ስለሚያስቀምጥ አዲሱ አሮጌውን አይደመስሰውም፤ አሮጌውን የምናጠፋው እኛው ነን። ቦታም ቢሆን ከጥቂት መቶ ሜጋባይት አይበልጥም፤ ከአንድ ፊልም ያነሰ ነው። አር ስቱዲዮ የሚጠቀሙ ከሆነ ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ይዘው ይክፈቱት፤ በየትኛው ቨርዥን ልሥራ ብሎ ይጠይቅዎታል። ፓኬጆች ግን የሚቀመጡት ለየቨርዥኑ ተለይተው ነው፤ የ4.1 ፓኬጅ ለ4.2 አይሆንምና ፎልደር ከመገልበጥ እንደገና ይጫኑ።

ፓይተን ላይም ያው ነው፤ «ፓይ» ከሚለው ትእዛዝ ቀጥሎ የቨርዥኑን ቁጥር መስጠትና ለየሥራው የራሱን ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት መክፈት ይበቃል። የፓይተን 2 ድጋፍ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. አብቅቷል፤ በእሱ 7ን ለ2 ሲያካፍሉ መልሱ 3 ነበር፣ በፓይተን 3 ግን 3.5 ነው። አማካይ ምርት ለሚያሰላ ሰው ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

«ታዲያ ሁልጊዜ በአሮጌው ብሠራስ?» የሚሉ አሉ። እሱም አያዋጣም። ከ4.2.0 በፊት በነበረው አር፣ ዊንዶውስ ላይ «ሲሪንቃ» ብለው የጻፉት አብዛኛውን ጊዜ የማይነበብ ኮድ ሆኖ ይወጣ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በአዲስ ዊንዶውስ ላይ ፊደላችን በትክክል ይነበባል። ባለ 32 ቢት ኮምፒውተር ያለው ግን ከ4.1.3 ማለፍ አይችልም፤ አይፈርበት፣ በያዘው በጥንቃቄ ይሥራ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደማምንበት መድኃኒት ልምጣ፤ ደብተር ነው። ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ይግዙ። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ገጽ ይስጡ። የፕሮግራሙን ቨርዥን፣ የፓኬጆቹን ስምና ቨርዥን፣ መነሻ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የሠራውን ሰው ስም ይጻፉ። አር «ሴሽን ኢንፎ» በሚለው ትእዛዝ የራሱንና የፓኬጆቹን ቨርዥን ይዘረዝርልዎታል፤ አትመው ይለጥፉት። ከዚያ የወጣውን ዕጣ ራሱን፣ ከፕሎት 1 እስከ 48፣ በእጅዎ ይገልብጡት፤ በስልክም ፎቶ ያንሱት። ታጉንም ውሃ በማያጥበው ማርከር ይጻፉ። የደብተር ጽሑፍ መብራት ሲጠፋ አይጠፋም፤ ፎርማትም አያገኘውም።

ከደብተሩ ጋር የየቨርዥኑን መጫኛ ፋይል በሁለት ፍላሽ ይያዙ፤ አንዱ ሥራ ቦታ፣ ሌላው ቤት ይቀመጥ። «ከኢንተርኔት አወርደዋለሁ» የሚለው ተስፋ በእኛ አካባቢ አይሠራም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ከርሟል። ከዚያ በፊትም በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ወልድያ ሲገባ የስንቱ ሰው የዓመታት ሥራ ከነኮምፒውተሩ እንደጠፋ የአገሬው ሰው ያውቃል።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታዬን ሳልናገር አላልፍም። ባለቤቱን ሳይጠይቅ ፎርማት የሚያደርግ ጠጋኝ በዝቷል፤ ላፕቶፑን ሲያስረክብ ውስጡ ምን እንዳለ እንኳ የማይናገር ደንበኛም እንዲሁ። ተማሪው በበኩሉ ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ቫይረስ ካለበት ፍላሽ ይገለብጣል፤ አርም ፓይተንም በነፃ የሚገኙ ሆነው ሳለ ስርቆትን እንደ ብልጠት ቆጥረነዋል። «አዲስ ነው» ከተባለ ማን እንደሞከረው ሳንጠይቅ እንጭናለን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለዚህ ነው።

የማሽላ ተመራማሪ አዲስ ዝርያ ሲያመጣ የገበሬውን ዝርያ አይነቅልም፤ ጎን ለጎን ዘርቶ ያወዳድራል። እርስዎም አዲስ ቨርዥን በጫኑ ቀን ያለቀ አንድ ሥራዎን በሁለቱም ያስኬዱ። ውጤቱ አንድ ከሆነ ወደ አዲሱ ይሻገሩ። ከተለያየ ምክንያቱን ሳያገኙ አንድ ቁጥር እንኳ ለአማካሪዎ ወይም ለገበሬ አይስጡ። ሌላው ሰው ደግሞ ሠርቶ ሊያገኘው የማይችል ውጤት፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ገና ያላለቀ ሥራ ነው።