የጎረቤት ሣጥንና የእናቴ ራስ ምታት

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቤታችን የደረሰ ነገር ነው። የምንኖረው በኮንዶሚኒየም ሲሆን፥ ጎረቤታችን እትዬ የዋይፋይ ሣጥናቸውን የሰቀሉት ከእናቴ ራስጌ ግድግዳ በስተጀርባ ነው። እናቴ ይህን ካወቀች ወዲህ «ጨረሩ ራሴን አሳመመኝ» ብላ አልጋዋን አዛወረች፤ እሑድ እሑድ አብረው ይጠጡት የነበረውም ቡና ቀረ።

አንድ ቀን መብራት በሕንፃው ሁሉ ጠፍቶ አደረ። በማግሥቱ እናቴ «ትናንት ማታስ ሣጥኑ ጨርሶ አላስተኛኝም» አለች። ሣጥኑ ግን ያለ መብራት አይሠራም! ጥያቄው በልቤ ያደረው ከዚያን ዕለት ጀምሮ ነው።

ጨረር የሚለው ቃል ራሱ ያስፈራል። ነገር ግን የፀሐይ ብርሃንም፥ የራዲዮ ሞገድም፥ በሐኪም ቤት የምንነሣው ራጅም ጨረር ናቸው፤ የሚለያዩት በድግግሞሻቸው ነው። የዋይፋይ ሞገድ በሴኮንድ 2.4 ወይም 5 ቢሊዮን ጊዜ ያህል ሲርገበገብ፥ ራጅ ከዚህ ከሚሊዮን እጥፍ በላይ ይርገበገባል። ስለዚህ ራጅ ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን ነቅሎ ሲያወጣ፥ ዋይፋይ ይህን ለማድረግ አቅም የለውም፤ በሰውነት ላይ የታወቀው ሥራው ማሞቅ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ያህል ያሞቃል? በአውሮፓ በ2.4 ጊጋኸርዝ ለሚሠራ ሣጥን የተፈቀደው ኀይል 0.1 ዋት ነው። ሞገዱ እየተበተነ ስለሚሄድ፥ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰን አንድ አራተኛው ነው። እንዳሰላሁት በ1 ሜትር ርቀት በካሬ ሜትር 0.008 ዋት ያህል ይደርሳል፤ ለሕዝብ የተወሰነው ዓለም አቀፍ ጣሪያ ግን 10 ዋት ነው። ግድግዳው የሚያስቀረውን ገና አልቀነስሁም። እናቴ ስትደውል ጆሮዋ ላይ የምትለጥፈው ስልክ ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

እውነቱን ላለመሸሸግ፥ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 የራዲዮ ሞገድን «ምናልባት ካንሰር ያመጣ ይሆናል» በሚለው ምድብ አስገብቶታል። መነሻው ግን በዋናው በእጅ ስልክ ተጠቃሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ነበር።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ባስረዳት «ቍጥርህ ራሴን አይሽረውም» አለችኝ። እኔም እንፈትነው አልሁ፤ እርስዋም እሺ አለች፤ እትዬም ሳይቀየሙ ፈቀዱ። ልጃቸው 10 ሌሊት ሳንቲም እየወረወረ፥ አንበሳው ከወጣ ሣጥኑን ያጠፋል፤ ካልወጣ ይተወዋል፤ ለእኔም አይነግረኝም። እናቴ በየጧቱ ትገምታለች፥ እኔ እጽፋለሁ። በመጨረሻ ስናስተያየው 5ቱን አውቃ 5ቱን ስታለች። 10 ሌሊት ጥቂት መሆኑን አልክድም፤ ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 እንደ ገለጸው፥ በሚገባ በተደረጉ እንዲህ ባሉ ፈተናዎች ሕመሙ ከሞገዱ ጋር ተያይዞ አልተገኘም። ሕመሙ የለም ማለት ግን አይደለም፤ እናቴ በእውነት ታማለች፥ ሐኪም እንዲያያትም ቀጠሮ ይዘናል።

ባለፈው እሑድ እናቴ ቡና አፍልታ «እትዬን ጥራልኝ» አለችኝ። አልጋዋን ግን እስካሁን ወደ ቦታው አልመለሰችም።