የትግል ጥበብና የመምህር ሥራ

ጁዶ፣ ካራቴ፣ ቴኳንዶ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ፊልም ነው። አንዱ አሥሩን ሲዘርር፣ ጡብ በመዳፉ ሲሰብር። ይህ የነገሩ ቅርፊት ነው። ፍሬው ከዕለት ኑሮ፣ ይልቁንም ከመማሪያ ክፍል ጋር ያለው ዝምድና ነው። ዝምድናውም በግድ የተጎተተ አይደለም፤ እነዚህን ጥበቦች ካስፋፉት ሰዎች ሁለቱ ዋነኞች የሙያ ወንድሞቻችን፣ ማለት መምህራን ነበሩና።

የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ (1860-1938 እ.ኤ.አ.) በልጅነቱ ሰውነቱ ትንሽ ስለ ነበር ጉልበተኞች ያጠቁት ነበር። ጁጁትሱ የተባለውን የቆየ የጃፓን ትግል የተማረው በዚሁ የተነሣ ነው። በ1882 እ.ኤ.አ. ቶክዮ ውስጥ ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ቤት ሲከፍት ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር፤ የኛ እኩያ መሆኑ ነው። በኋላም የቶክዮን ከፍተኛ የመምህራን ማሠልጠኛ በተለያየ ጊዜ በድምሩ ከ20 ዓመት በላይ በኃላፊነት መርቷል። ካራቴን ከኦኪናዋ ደሴት ወደ ዋናው ጃፓን ካመጡት አንዱ የሆነው ጊቺን ፉናኮሺም የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር። ፉናኮሺ ተማሪዎቹን በቅድሚያ ያስተማረው እጅ መንሣትን ነው። ቀድሞ መምታትንም አይፈቅድም ነበር።

የካኖ ሒሳብ እንዲህ ነው። የባላጋራዬ ጉልበት 10፣ የኔ 7 ነው እንበል። እሱ ሲገፋኝ እኔም ብገፋው መሸነፌ አይቀርም። ነገር ግን በገፋኝ መጠን ወደ ኋላ ብልለት ሚዛኑን ይስታል፤ በዚያች ቅጽበት ጉልበቱ ወደ 3 ይወርዳል። የኔ 7 ግን እንዳለ ነው። እንዲያውም ግማሹ ይበቃኛል። «ጁ» ማለት ልስላሴ፣ «ዶ» ማለት መንገድ የተባለው ለዚህ ነው።

አሁን ይህን ሒሳብ ወደ ክፍል እናምጣው። ተመድበን በጓሳ ዙሪያ ካሉት የመንዝ ቀበሌዎች ወደ አንዱ ብንሄድ፣ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ገና ከእረኝነት የመጣ የ14 ዓመት ጎረምሳ እናገኛለን። ከትንንሾቹ ጋር መቀመጡ ያሳፍረዋል፤ ስለዚህ ያፏጫል፣ ያስቃል። መምህሩ ቢጮህበት ልጁ ይብስበታል፤ ምክንያቱም አሁን ባላጋራ አግኝቷል! ጉልበቱን በሥራ ብንቀበለውስ? የክፍሉን ሰልፍ ይምራ፤ ሠላሳ በግ ቆጥሮ የሚያስገባ ልጅ የመቀነስን ሒሳብ በበጎቹ ለትንንሾቹ ያስረዳ። ፉጨቱን ያፏጨው በነበረው ጉልበት ክፍሉን ያግዛል።

ጉልበትን መቆጠብ ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። የጓሳን ሣር የመንዝ ሰው ለቤት ክዳንና ለገመድ ይፈልገዋል። ሆኖም በቄሮ ሥርዓት ሣሩ ለዓመታት ይከለከል፣ ጠባቂ እየተመደበለት ይጠበቅ፣ ቀኑ ሲደርስ በአባ ቄራው ትእዛዝ ይከፈት ነበር። ማጭዱ በእጁ፣ ሣሩ በደጁ እያለ ሰው እጁን ይሰበስባል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በቀድሞ መልኩ ቢቀርም፣ ጓሳ እስከ ዛሬ በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ሥፍራ ነው። ካኖ ጉልበትን በደንብ መጠቀምና የጋራ ጥቅም ብሎ ያስተማራቸው ሁለት መመሪያዎች፣ ለመንዝ ሽማግሌ ቢነገሩት «ይኼማ የኛ ነው» ሳይል አይቀርም።

ከጁዶ ሁሉ ለመምህር የሚጠቅመው ግን፣ በኔ አስተያየት፣ መጣል ሳይሆን አወዳደቅ ነው። ጀማሪ ከሁሉ በፊት የሚለማመደው መውደቅን ነው፤ አገጩን ወደ ደረቱ ይሰበስባል፣ ጀርባውን እንደ ቀስት ያጎብጣል፣ ወለሉን በክንዱ መታ አድርጎ የውድቀቱን ኃይል ይበትነዋል። መውደቅ የማይፈራ ሰው ብቻ ነው ደፍሮ የሚታገለው። እኛስ ጋ? ልጅቱን ወደ ጥቁር ሰሌዳ እንጠራታለን፤ 7 ጊዜ 8ን 54 ብላ ስትጽፍ ክፍሉ ይስቃል፣ መምህሩም አብሮ ፈገግ ይላል። ያቺ ልጅ ከዚያ ወዲያ እጅዋን አታወጣም። አወዳደቅ ሳናስተምራት ጣልናት ማለት ነው። «እስቲ ከ7 ጊዜ 7 ተነሺና 7 ጨምሪበት» ብንላትና ስሕተትዋን ራስዋ ብታገኘው ግን ወድቃ ተነሣች። የሳቀውንም ልጅ ቀጥሎ እንዲሠራ መጥራት አይከፋም፤ ለመበቀል ሳይሆን ሰሌዳው ፊት መቆም ምን እንደሚመስል እንዲያውቀው።

የአገራችንም ጨዋታዎች ይህን ያውቃሉ። በገና ጨዋታ ጌታም ቢሆን አይቆጣም ይባላል፤ ሩሯ ቅልጥሙን ብትመታው እንኳ። በፈረስ ጉግስ ደግሞ ዛሬ ዘንግ የሚወረውረው ነገ ጋሻውን ይዞ የሚሸሸው ነው። እረኞች ሲታገሉም ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ፤ ከዚያ በላይ መምታት ነውር ነው። በእረፍት ሰዓት ልጆች ሲተናነቁ ሮጦ ከመበተን ክብ አስምሮ፣ እጅ አስነሥቶ፣ ይህንኑ ደንብ ማስከበር ይሻላል።

«ልስላሴ ተማሪን ያባልጋል» የሚሉ ጓዶች አሉ። መልሱ ከካኖ ዘንድ ይገኛል፤ መሸሽ ለሁሉ ነገር አይሆንም ያለው ራሱ ነው። ክንድህን ጨምድዶ የያዘህን ሰው ወደ ኋላ በማለት ብቻ አታመልጠውም፤ መመንጨቅ ያስፈልጋል። ትልቁ ልጅ በትንሹ ላይ ድንጋይ ሲያነሣ እጁን ቶሎ መያዝ ነው እንጂ ዘዴ የሚፈለግበት ጊዜ አይደለም። መያዝና መግረፍ ግን ለየቅል ናቸው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ደንግጓል። እንዲያም ሆኖ አለንጋ ከየክፍሉ ጠፍቷል ብሎ የሚምል መምህር ያለ አይመስለኝም። አባት ራሱ ልጁን እየጎተተ አምጥቶ «ገርፈህ አስተምርልኝ» ሲል «እሺ» ማለት ይቀላል። በካኖ ሒሳብ ግን መምህሩ 10፣ ልጁ 2 ነው። አባትየውን አረፍ በሉ ብሎ፣ ልጁ ትምህርት የቀረው ለምን እንደ ሆነ መጠየቅ ይቻላል። በግ ጠፍቶት ይሆናል፤ ሌሊቱን ሲፈልግ አድሮም ይሆናል።