የጠጠር ጉድጓድና የጎርፍ ሜዳ፦ የከብትን ውሃ ሳያበላሹ ጠጠር ማውጣት

በመተማና በገላባት በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚነዳ ከብት ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ በበጋ የሚጠጣው ውሃ፣ በክረምት ደግሞ ጭቃ ያልዋጠው መቆሚያ። መቆሚያውን የሚያደርቀው ጠጠር ነው። ያው ጠጠር ያለ ቦታው ከተቆፈረ ግን ውሃውን ያሳጣል። የዚህ ትምህርት ዓላማ የገበያ ቦታና በረት የሚያስጠጥሩ ነጋዴዎች፣ ማኅበራትና አርቢዎች ጠጠሩ ከየትና እንዴት እንደሚወጣ እንዲያውቁ ነው።

አፈሩና ወንዙ

የገዳሪፍ ሜዳ አብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ሲርስ ያብጥና ስንጥቁን ይዘጋል፣ ውሃም አያሰርግም። ስለዚህ ጎርፉ ሜዳው ላይ ይተኛል፣ ወይም ዝቅታውን ተከትሎ ይሄዳል። ጠጠር በዋልካው ላይ ስለማይገኝ ቆፋሪ የሚሄደው ወደ ድንጋያማ ጉብታ ወይም ወደ ወንዝ ነው።

ጓንግ ድንበሩን ሲሻገር አትባራ ይባላል፤ ሽንፋም ራሀድ ይሆናል። በክረምት ደለል ተሸክመው ይሞላሉ፤ በበጋ ግን ውሃቸው ወርዶ ኩሬ ኩሬ ይሆናል። ያኔ በወንዙ አልጋ ላይ ተቆፍሮ የሚገኘው ውሃ አሸዋውና ጠጠሩ ያስቀሩት የክረምት ውሃ ነው። ጠጠሩ ሲነሳ ማጠራቀሚያውም አብሮ ይነሳል።

ጉድጓዱ ምን ያመጣል?

በወንዝ አልጋ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር ጎርፉ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ይወድቃል፤ የወደቀበትን ጠርዝ እየናደም ሽርሸራው ወደ ላይኛው ወንዝ ይጓዛል። ከጉድጓዱ በታች ደግሞ ጠጠሩን የጣለ ውሃ ሌላ ፍለጋ አልጋውንና ዳርቻውን ይበላል። የከብት መሻገሪያና የድልድይ እግር የሚጎዱት በዚህ ነው።

በአትባራ ዳርቻ «ከሪብ» የሚባለው በቦረቦር የተበጣጠሰ መሬት፣ ሽርሸራ አንዴ ከገባ ምን ያህል ግጦሽ እንደሚወስድ ያሳያል። ደለሉም የትም አይጠፋም፦ እ.ኤ.አ. በ1964 የተጠናቀቀው የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ ከመያዝ አቅሙ ግማሽ ያህሉን በደለል አጥቷል።

በሥራ ጊዜ የሚጠበቁ ነገሮች

1. በመጀመሪያ ደረቅ ጉብታ ይፈለጋል፤ የወንዝ አልጋ የመጨረሻ ምርጫ ነው። ከወንዝ መውሰድ ግድ ከሆነ የደለል ክምሩ ላይ ላዩ ብቻ ይነሳል፤ ከበጋው የውሃ ወለል በታች አይቆፈርም።
2. በጉድጓዱና በወንዙ መካከል ዛፉና ሣሩ ያልተነካ ሰፊ መሬት ይቀራል።
3. ከጉድጓዱ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል። የቦዩ መውጫ በድንጋይ ካልተነጠፈ ራሱ ቦረቦር ይሆናል።
4. ከጉድጓዱ የሚወጣ ድፍርስ ውሃ መጀመሪያ ደለሉን በሚጥልበት ኩሬ ያልፋል።
5. የተገፈፈው የላይ አፈር በጎርፍ መንገድ ላይ አይከመርም፤ ለመመለሻ ይቀመጣል።
6. እስከ ግንቦት አጋማሽ ቦዩ ይጠረጋል፣ ማሽኑም ከሜዳው ይወጣል።

ሲዘጋ፦ ወጥመድ ወይስ ሀፊር?

ክፍት የተተወ ጉድጓድ ውሃ ሲይዝ ከብት ይስባል። ጠርዙ ቀጥ ያለ ከሆነ የገባው አይወጣም። ዳር ዳሩን የሚረጋው ጥልቀት የሌለው ውሃ ደግሞ የጉበት ትልን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ይራባበታል።

ጉድጓዱን ወደ ሀፊር መለወጥ ይቻላል። ጠጠራማ ወለል ውሃ ስለሚያሰርግ ዋልካ ይነጠፍበትና ይጠቀጠቃል። ግድግዳው ቢያንስ ለአንድ ሜትር ጥልቀት ሦስት ሜትር ወደ ጎን ይጋደማል። በመግቢያው ላይ የደለል ማስቀሪያ ይሠራል፤ ዙሪያው ይታጠራል፤ ከብቱም ከአጥሩ ውጭ ካለ ገንዳ ይጠጣል። አጥርና ገንዳ የሌለው ሀፊር በጥቂት ጊዜ በኮቴና በእበት ይበላሻል።

በኢትዮጵያ በኩል ለአገር ውስጥ ባለሀብት የግንባታ ማዕድን ፈቃድ የሚሰጠው ክልሉ ነው። ስለ ቦዩና ስለ አዘጋጉ መጠየቅ ያለበት ከፈቃዱ በፊት ነው፤ የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 እና የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ለዚህ መነሻ ይሆናሉ።

ለውይይት

- በአካባቢያችሁ ያለው የጠጠር ጉድጓድ ከከብት መሻገሪያው በላይ ነው ወይስ በታች?
- ካለፈው ክረምት ወዲህ ጠርዙ ወደየት ተንዷል?
- በበጋ ውሃ ለማግኘት የሚቆፈረው ጥልቀት ከቀድሞው ጨምሯል?
- ጉድጓዱ ሀፊር ቢሆን አጥሩን የሚጠብቀው፣ ደለሉንስ በየዓመቱ የሚጠርገው ማን ነው?