ዓሣ በመንጠቆ እንዴት ይጠመዳል? በክረምትስ ለምን ጥንቃቄ ይፈልጋል?

በዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን ስለ ዓሣ ማጥመድ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። «እኛ ጋይንት ተራራ ላይ ሆነን ከዓሣ ጋር ምን አገናኘን?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ መልሱን ታገኙታላችሁ።

1ኛ. ተራራውና ዓሣው

ጉና ተራራን የማያውቅ በመካከላችን የለም። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ርብና ጉማራ የሚባሉት ሁለት ወንዞች ከጉና ተነሥተው ወደ ምዕራብ ይወርዱና በፎገራ ሜዳ በኩል ጣና ሐይቅ ይገባሉ። ስለዚህ በጉና ምዕራባዊ ጎን የወደቀ ዝናብ መጨረሻው ዓሣ ያለበት ውኃ ነው ማለት ነው።

ከጣና በብዛት የሚወጡት ዓሦች እነዚህ ናቸው፦

ሀ. ቀረሶ። እናቲቱ እንቁላሎቿን በአፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች። ልጆቿም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ።

ለ. አምባዛ። ቅርፊት የለውም፣ እንደ ድመት ጢም አለው። ዓሣ የሚተነፍሰው በስንጥቡ መሆኑን ተምረናል። አምባዛ ግን ከስንጥቡ ሌላ ከአየር የሚተነፍስበት አካል ስላለው ከውኃ ወጥቶም ቶሎ አይሞትም። በክረምት ውኃ ወደተኛበት ማሳ እየገባ እንቁላሉን ይጥላል።

ሐ. ነጭ ዓሣ። አንድ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ጣና ውስጥ ከ15 ያላነሱ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም አይገኙም። አንዱ ምክንያት የጢስ እሳት ፏፏቴ ነው። ወደ 40 ሜትር ገደማ ስለሚወረወር ከታች ያለ ዓሣ ሊወጣው አይችልም። ስለዚህ የጣና ዓሦች ከሌላው ተለይተው ለብዙ ሺህ ዓመታት ለብቻቸው ኖረዋል።

2ኛ. የመንጠቆ ዕቃዎችና ሥራቸው

በመንጠቆ ለማጥመድ የሚያስፈልጉት ጥቂት ነገሮች ናቸው፦

• ዘንግ፦ ቀጥ ያለ ሸምበቆ ይሆናል። ርዝመቱ መንጠቆውን ከዳር ራቅ አድርጎ ለማድረስ ይጠቅማል። ቀጭን ጫፉ ስለሚጎብጥም ዓሣው ሲታገል ክሩ እንዳይበጠስ ያደርጋል።
• ክር፦ የናይለን ክር ይሻላል፤ ውኃ ውስጥ ብዙም አይታይም።
• ቡሽ፦ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ዓሣው ከታች ሲነካ ቡሹ ጠለቅ ይላል፣ ምልክት ይሰጣል።
• ትንሽ ብረት ወይም ጠጠር፦ ክሩን ወደ ታች ይስበዋል።
• መንጠቆ፦ ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የዞረ ትንሽ ሹል አለችው። ዓሣው እንዳያመልጥ የምትይዘው እሷ ናት።
• ማባበያ፦ ከእርጥብ አፈር የተቆፈረ ትል።

ልብ በሉ፣ የመንጠቆው መጠን ትልቅ ከሆነ ትንንሽ ዓሦች አይጎርሱትም። አጥማጁ ገና መንጠቆውን ሲመርጥ የትኛውን ዓሣ እንደሚፈልግ ወስኗል ማለት ነው።

3ኛ. በዓይኔ ያየሁት

ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ፎገራ ወዳሉት አጎቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ቤታቸው ከጉማራ ወንዝ ብዙ አይርቅም። አንድ ቀን ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ጠዋት ሲያባራ «ነይ፣ ዛሬ ዓሣ አሳይሻለሁ» አሉኝ።

ወንዙ ሞልቶ እንደ ጭቃ ደፍርሶ ስለነበር ዳሩ ላይ አልቆምንም። ከወንዙ ወደ ሩዝ ማሳው የሚገባ ቦይ አለ፤ እዚያ ነው የተቀመጥነው። ያ ቦይ ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ የገበያ ቀን መንገድ ነው የሚመስለው! እረኞች ከብት ያሻግሩበታል፣ ሴቶች ልብስ ያጥቡበታል፣ ልጆች ይንቦራጨቁበታል። አጎቴ ታዲያ አይናደዱም። ከብት በመጣ ቁጥር ክሩ የላም እግር እንዳይጠልፍ ዘንጉን ያነሣሉ፣ ከብቱ ያልፋል፣ ውኃው እስኪረጋ ይጠብቃሉ፣ እንደገና ይጥላሉ። ከረፋዱ እስከ ቀትር ስንት ጊዜ እንዳነሡት መቁጠር አቃተኝ።

መጀመሪያ የወጣው አምባዛ ነበር። ሁለተኛው ትንሽ ስለሆነ ለቀቁት። ቀጥሎ ቡሹ በኃይል ጠለቀና ዘንጉ ጎበጠ። የወጣችው ክንድ የምታህል ነጭ ዓሣ ናት! አጎቴ እጃቸውን አርጥበው መንጠቆውን አወጡላት፤ ሆዷን ነካ ሲያደርጓት ቢጫ እንቁላል ወጣ። ወዲያው ወደ ወንዙ ወስደው ለቀቋት።

«ምነው አጎቴ፣ ለምን ለቀቋት? ከሁሉም ትልቋ እሷ እኮ ነበረች!» አልኋቸው።

«ሆዷን አላየሽም? ብንበላት የዛሬ እራት ናት፤ ብንለቃት የከርሞም ናት» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ወጣቶች መረብ ተሸክመው በአጠገባችን አለፉ። አጎቴ «ልጆች፣ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር አትዝጉት፤ ለሚወጣው ዓሣ መንገድ ተዉለት» አሏቸው። አንደኛው «አያ፣ ወንዙ በክረምት ካልሰጠን መቼ ሊሰጠን ነው? የደብተር መግዣ እኮ ነው» ብሎ መለሰ። መረቡን እንዴት እንደዘረጉት አላየሁም። መልሱ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ምክንያቱም መስከረም ሲመጣ ደብተር ለሁላችንም ያስፈልገናል።

እኛ ማታ ሦስት አምባዛ ይዘን ገባን፤ ለቤተሰቡ እራት በቂ ነበር።

4ኛ. ክረምት ለምን ይለያል?

ብዙዎቹ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች የሚኖሩት ሐይቁ ውስጥ ነው፤ እንቁላል የሚጥሉት ግን ወንዝ ውስጥ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ከጣና ወጥተው እንደ ርብና ጉማራ ያሉ ወንዞችን ወደ ላይ ይወጣሉ። ጠጠር ያለበት፣ ውኃው ንጹሕ ሆኖ የሚፈስበት ቦታ ሲያገኙ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በዚህ ጉዞ ሦስት ነገሮች ይጎዷቸዋል፦

አንደኛ፣ ወንዙን የሚዘጋ መረብ። መንጠቆ የሚይዘው አንድ በአንድ ስለሆነ አጥማጁ ማስቀረትም መልቀቅም ይችላል። መረብ ግን መንገዱን ከዘጋ እንቁላል የያዙትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወስዳቸዋል።

ሁለተኛ፣ ብርብራ። የብርብራ ፍሬ ተደቁሶ ውኃ ውስጥ ሲጨመር ዓሣው በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን መጠቀም ያቅተዋል። ትልቁም ትንሹም ይንሳፈፋል። ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝ ማጥመድን አይፈቅድም።

ሦስተኛ፣ ከተራራ የሚታጠብ አፈር። ደለሉ ጠጠሩን ሲሸፍነው እንቁላሉ አየር ያጣና ይሞታል።

ጉዳቱ የወሬ ብቻ አይደለም። ድሮ ጣና ላይ የሚጠመደው በደንገል ታንኳ ነበር። ከ1986 እ.ኤ.አ. (በእኛ ከ1978) ጀምሮ ግን የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገቡ። ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2001 እ.ኤ.አ. አካባቢ የነበረውን ሲያወዳድሩ በወንዝ የሚራቡት ነጭ ዓሦች በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሰው አገኟቸው። በሒሳባችን ብናስበው 100 ከነበሩ የቀሩት 25 ናቸው ማለት ነው።

5ኛ. ሌላ አገር እንዴት ያደርጋሉ?

እንግሊዝ አገር ለጀልባ መጓጓዣ የተቆፈሩ ረጃጅም ቦዮች አሉ። ሰዎች በበጋቸው ዳር ላይ ተቀምጠው አንዳንዴ እስከ 16 ሜትር በሚደርስ ዘንግ ያጠምዳሉ። ዘንጉ ከካርቦን የተሠራ ስለሆነ ቀላል ነው፤ እየተቀጣጠለ ይረዝማል። ጀልባ ሲመጣ ዘንጋቸውን ስበው ያሳልፋሉ፣ ልክ አጎቴ ለከብት እንደሚያደርጉት! በወንዞቻቸው ላይ ደግሞ ዓሣው በሚራባበት ወቅት፣ ከማርች 15 እስከ ጁን 15፣ የእነዚህን የወንዝ ዓሦች ማጥመድ በሕግ ይዘጋል። ወቅቱ ሲያልፍ ይከፈታል። ማንም «ዓሣ አትብሉ» አላለም፤ «ሲወልዱ ታገሡ» ነው ያሉት።

6ኛ. እኛስ ምን እናድርግ?

የፎገራው ወጣት የተናገረው እውነት ነው፤ ችግር አለ። ነገር ግን ዘንድሮ መንገዱን ከዘጋው የከርሞ ደብተር መግዣውንም አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ ዓሣ ባለበት አካባቢ ዘመድ ያለን ሰዎች እነዚህን ብንነግራቸው ጥሩ ነው፦ ወንዙን ሙሉ በሙሉ አለመዝጋት፣ ትንሹንና እንቁላል ያለውን በእርጥብ እጅ ይዞ መልቀቅ፣ ብርብራን መተው። ልጆች ደግሞ በክረምት ሞልቶ ወደሚወርድ ወንዝ ያለ አዋቂ አንሂድ።

ተራራው ላይ የምንኖረውስ? መልሱ እዚህ ነው። ጉና የፋርጣም፣ የእስቴም፣ የጋይንትም ነው። እርከን ስንሠራና ችግኝ ስንተክል የራሳችንን ማሳ ብቻ እያዳንን አይደለም። ከጉና ያልታጠበ አፈር ታች ያለ የዓሣ እንቁላል አይቀብርም። «ዓሣ መብላት በብልሃት» ይባላል፤ እኔ ደግሞ ማጥመድም በብልሃት ነው እላለሁ።

መልመጃ

1. የዘንጉ ጫፍ መጉበጡ ምን ይጠቅማል?
2. አምባዛ ከውኃ ወጥቶ ቶሎ የማይሞተው ለምንድን ነው?
3. ጠጠሩ በደለል ሲሸፈን እንቁላሉ ምን ይሆናል?
4. ለመወያያ፦ እናንተ በአጎቴ ቦታ ብትሆኑ ለወጣቱ ምን ትመልሱለት ነበር?

መልሳችሁን ጽፋችሁ በክበባችን ሣጥን ውስጥ ጨምሩ። ለ4ኛው ጥያቄ የተሻሉትን መልሶች በሰልፍ ሰዓት እናነባቸዋለን። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ!